ዩሪያና ኤንፒኤስ በጎጃም፦ ዕቃው ደህና፣ መድረሻ ቀኑ ደካማ

ማዳበሪያ ስሙን ለከረጢቱ ያወረሰ ዕቃ ነው። ጎጃም ውስጥ «በማዳበሪያ አምጣው» የተባለ ሰው ድንች ወይም በቆሎ ይዞ ይመጣል እንጂ ዩሪያ አይሸከምም። እዚህ የሚመዘነው ግን ዋናው 50 ኪሎ ነው፤ ከእሱም ይልቅ ከመርከብ እስከ ቀበሌ መጋዘን የሚያደርሰው አገልግሎት።

ዕቃው ላይ ብዙ የሚነቀፍ ነገር የለም። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጂን ነው። የቀድሞውን ማዳበሪያ ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ 19 እጅ ናይትሮጂን፣ 38 እጅ ፎስፌት፣ ማለትም የፎስፈረስ ምንጭ፣ እንዲሁም 7 እጅ ድኝ ይዟል። ዳፕ 46 እጅ ፎስፌት ነበረው፣ ድኝ ግን አልነበረውም። ቃርሚያውን ከብት፣ ኩበቱን ምድጃ ለሚወስድበት ማሳ ፎስፌት ቀንሶ ድኝ ማግኘቱ ያዋጣል። ዩሪያውን የሚጠራጠር አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ያማስል፤ እውነተኛው ዝቃጭ አይተውም፣ ብርጭቆውም ወዲያው ይቀዘቅዛል። ጨው እንዲህ አያቀዘቅዝም። ኤንፒኤስ ዝቃጭ ቢተው አያስደነግጥም። እርጥበት ስቦ የደረቀ ዩሪያ ተፈርክሶ ይሠራል፤ የአፉ ስፌት ሁለተኛ መርፌ የገባበት ከረጢት ግን ሳይመዘን አይወሰድ።

ለጤፍና ለስንዴ የኖረው ምክር በሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነው፤ ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ከየዓይነቱ ግማሽ ከረጢት። ሁለቱ ተደምረው 65 ኪሎ ናይትሮጂን ይሰጣሉ። ኤንፒኤስ ሲጠፋ ዩሪያውን እጥፍ መዝራት የተለመደ ስህተት ነው፤ ናይትሮጂኑ 92 ኪሎ ይደርሳል፣ ፎስፈረሱ ዜሮ። ጤፉ ለዓይን ያምራል፣ ከዚያ ይጋሸባል።

የአገልግሎቱ ችግር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ከወደቀበት እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ከዘር ጋር ሥሩ አጠገብ መግባት አለበት፤ የበቆሎ ዘር ግንቦት ላይ ተዘርቶ ኤንፒኤስ ሰኔ መጨረሻ ቢደርስ ዋጋው ተከፈለ እንጂ ጥቅሙ አልፏል። ዩሪያ ግን ይታገሳል፤ ለበቆሎ ዋናው ድርሻ ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ተደርጎ በአፈር ተሸፍኖ ይገባል። ሳይሸፈን የቀረ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። በእነማይ አካባቢ ባለው ዋልካ ደግሞ ውሃ የተኛበት ማሳ ላይ ከተበተነ በከንቱ ይባክናል፤ መጀመሪያ ቦይ ይቀደድ። ስለዚህ የውጭ ምንዛሪ ባጠረ ዓመት መጀመሪያ የሚገዛው የኤንፒኤስ መርከብ መሆን ነበረበት። ሁለቱን እኩል እያዘገዩ ማምጣት በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል፣ በማሳ ላይ ግን አይደለም።

ለምን ይዘገያል? ፍላጎቱ ከቀበሌ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ ተሰብስቦ በወረዳ፣ በዞንና በክልል በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ጨረታ ይወጣል፤ ባንክ ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ሻጭ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና፣ ይከፍታል። ኤልሲው ዶላር ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወረፋው ቢቀልም የከረጢቱ ዋጋ በብር ሲሰላ ከብዷል፤ ድጎማው ባይኖር ብዙ ባለ ሁለት ቃዳ ገበሬ ከሰልፉ ይወጣ ነበር። ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ ደግሞ 60,000 ቶን የጫነ አንድ መርከብ ባለ 400 ኩንታል መኪና 1,500 ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለ ጭነት መኪና በአነስተኛ ማርሽ ይወርዳል፣ በዚያው ማርሽ ይወጣል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሁሉም ስሌት ይፈርሳል። የመጨረሻው ኪሎ ሜትር፣ ከገበሬ ማኅበራት ዩኒየን መጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበር ያለው፣ ሰኔ ላይ ጭቃ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ከወረዳም ከክልልም አቅም ውጭ ነው። ቻይና ጥቅምት 2014 ወደ ውጭ የምትልከውን ማዳበሪያ ገደበች፤ የካቲት ላይ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ገባ። ከኅዳር 2016 ጀምሮ ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከብ ሲያጠቁ የመድን ዋጋ ጨመረ። በአንድ ወደብ ላይ የተንጠለጠለ አገር ስለ ወደብ ሲነጋገር የሚናገረው ስለ ባንዲራ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቡሬ በቆሎም ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ከሶማሊያ ጋር አጣልቶ፣ ጉዳዩ ከዓመት ገደማ በኋላ በቱርክ አሸማጋይነት በወጣው የአንካራ መግለጫ በረደ። ማዳበሪያው ያን ሁሉ ጊዜ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የመጣው።

ፋብሪካስ? በ2009 ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የተፈረመው ውል እስካሁን ገበሬ እጅ የደረሰ ከረጢት አላወጣም። ነሐሴ 2017 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው፣ በሶማሌ ክልል የሚሠራው የጎዴ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ በ40 ወራት ውስጥ፣ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ይላል። ዩሪያው የሚሠራበት ጋዝ የራሳችን መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዩሪያ ነው፤ ፎስፈረሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይቀጥላል። ጎዴም ከፍኖተ ሰላም ሲታይ ከጅቡቲ የሚቀርብ አይደለም።

ዶላር የማይጠይቀው ዕቃ ኖራ ነው፤ ድንጋዩ እዚሁ ደጀን አለ። በጎዛምን፣ በማቻክልና በአዊ ቀይ አፈር ፒኤቹ፣ ሲወርድ አሲድ መብዛቱን የሚያሳየው ልኬት፣ ከ5.5 በታች ሲሆን አሉሚኒየምና ብረት የኤንፒኤሱን ፎስፈረስ ይዘው ያስቀሩታል፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ዕቃ እዚያው ይታሰራል። መድኃኒቱ በአፈር ምርመራ የሚወሰን፣ ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ኖራ ነው፤ ከዘር በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ ይቀላቀላል። እንከኑ ክብደቱ ነው፤ ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ በአህያ ይደርሳል፣ 30 ኩንታል ኖራ ግን መኪና ይፈልጋል፣ መኪናውም የሚገባው ሚያዝያ ላይ መንገዱ ሳይጨቀይ ነው።