ፒስታቺዮ፣ አልመንድ፣ ዋልነት፣ ማካዳሚያ ወይስ ካሹ? ብርዱ ይወስናል

ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልሱ፤ ቦታዎ ምን ያህል ይበርዳል? ብዙ ሰው የሚወደውን ፍሬ አስቦ ይተክላል። ዛፉ ያድጋል፣ ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬ ግን የለም። የዓመታት ልፋት እንዲህ ሲቀር በጣም ያሳዝናል።

ፒስታቺዮ ብርድም ሙቀትም አብዝቶ ይፈልጋል። በብርዱ ወቅት ከ7 ዲግሪ በታች ወደ 1000 ሰዓት ገደማ ማግኘት አለበት። በጋው ደግሞ ረጅም፣ ደረቅና የሚያቃጥል መሆን አለበት። ኢራን፣ ቱርክና ካሊፎርኒያ የተመቹት ለዚህ ነው። ጨዋማ አፈርም ይችላል። ወንዱና ሴቷ ግን የተለያዩ ዛፎች ናቸው። አበባው ንብ የሚጠራ ባለቀለም ቅጠል የለውም፤ የወንዱን ብናኝ ለሴቷ የሚያደርስላት ነፋስ ነው። አንድ ወንድ ለ8 ወይም ለ10 ሴቶች ይበቃል። ሻጩ ጾታቸውን ለይቶ ካልነገረዎት በፍጹም አይግዙ።

አልመንድ ያን ያህል ብርድ አይፈልግም። ችግሩ መቸኮሉ ነው፤ ቀድሞ ያብባል፣ ከዚያ ውርጭ ይመታዋል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ብቻቸውን አያፈሩም። አብሮ የሚያብብ ሌላ ዝርያና ንብ ያስፈልጋል።

ሰፊ ቦታና ጥልቅ አፈር ላለው ሰው ዋልነት የልጅ ልጅ የሚለቅመው ዛፍ ነው። በኪርጊስታን አርስላንቦብ ጫካ ሙሉ አለ። ከ20 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገር ግን ቲማቲምን ያደርቃል፤ ከጓሮ አትክልት አርቀው ይትከሉት። አረንጓዴውን ልጣጭ በባዶ እጅ ከላጡት ጣትዎ ቡናማ ሆኖ ለቀናት ይቆያል።

ውርጭ የማያውቅ ቦታ ላለው የእኔ ምርጫ ማካዳሚያ ነው። የትውልድ ቦታው ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፤ ዛሬ በሃዋይ፣ በደቡብ አፍሪካና በኬንያም በሰፊው ይለማል። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ግን ከኃይለኛ ነፋስ ይከልሉት።

ካሹ ከብራዚል የመጣ የቆላ ዛፍ ነው። አሸዋማ አፈር ላይ ይበቅላል፣ በ3 ዓመት ገደማም ማፍራት ይጀምራል። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ቆዳ ያቃጥላል። አቅራቢያዎ የሚፈለፍል ድርጅት ከሌለ ለጓሮ አልመክርም።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም ከተመረጠ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጋጠመበት ችግኝ ይጠይቁ። ከዘር የበቀለ ማካዳሚያ ለማፍራት ይዘገያል፤ ከዘር የበቀለ ፒስታቺዮ ደግሞ ጾታው እስኪያብብ አይታወቅም። ግንዱን ጎንበስ ብለው ይዩት። ከአፈሩ ከፍ ብሎ እብጠት ወይም የተጋጠመ ጠባሳ ካላዩ፣ ግራፍት የተደረገ ለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠይቁ።