ዳሌዬን ሸገር ላይ አሳየሁት፣ ፊዚዮ (ፊዚዮቴራፒ) ለምትፈልጉ

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ ሰርግ ብዬ ስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ከመሄዴ በፊት ሰባት ወር ሙሉ የቀኝ ዳሌዬ ውጪው በኩል እያመመኝ በዛ ጎን መተኛት ትቼ ነበር፣ ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም ነው የምሰራው ቆሜ ስለምውል ድካም ነው እያልኩ በአይቡፕሮፌን ከረምኩ። 13 ሰዓት አካባቢ አውሮፕላን ላይ ተቀምጬ ቦሌ ስወርድ እያነከስኩ ነው የወጣሁት፣ አበባ ይዘው የጠበቁኝ ሰዎች ሳይስሙኝ በፊት ምን ሆነሽ ነው።

አክስቴ ወጌሻ ትሽሽ አለች። ሰባት ወር የቆየ ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ አላሳሽም ስላት ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ከዛ አንድ ትልቅ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፣ ዶክተሩ አልጋ ላይ እንኳን ውጪ ሳይለኝ ኤምአርአይ ጻፈ፣ ካሸሯ ደግሞ ከውጪ ነው አይደል የመጣሽው ትለኛለች፣ ምን አገባሽ! ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ጎረቤት ናት ሀያ ሁለት አካባቢ ያለውን ትንሽ የፊዚዮ ክሊኒክ የነገረችኝ። ሶስተኛ ፎቅ ነው ሊፍቱ አይሰራም፣ ዳሌ የሚያመው ሰው የሚመጣበት ቤት እኮ ነው። ፊዚዮ የሚሰራው ልጅ ገና ከመግባቴ ማዘር አለኝ፣ 49 ዓመቴ ነው ምንም አላልኩም ግን ያዝኩበት።

ስራው ላይ ግን ቃል የለኝም። መጀመሪያ በአንድ ጣት የሚያምሽን አሳዪኝ አለ፣ ብሽሽትሽንስ? ካልሲ ማጥለቅስ ይከብድሻል? ሁለቱንም አይ ስለው መገጣጠሚያው ቢሆን ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው የሚያስቸግሩት አለኝ። በአንድ እግር 30 ሰከንድ ቁሚ ሲለኝ አስሩን ሳልሞላ ያው ህመም መጣ። የመቀመጫ ጡንቻ ጅማት ዳሌ ጎን ካለው አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው የተጎዳው፣ ከአርባ በላይ የሆኑ ሴቶች ላይ ይበዛል አለ። ለኤምአርአዩ አትቸኩይ፣ በስፖርቱ ካልተሻለሽ ያኔ እናየዋለን።

ከዛ ቡና ስትጠጪ እንዴት ነው የምትቀመጪው ብሎ ዱካ አመጣ። ለካ ዝቅ ብዬ ጉልበቴን ገጥሜ ስቀመጥ ጅማቱን አጥንቱ ላይ እየጨፈለቅኩት ነው! እግር ማጣመርም ያው፣ ቅዳሴ ላይ አንድ ጎን ላይ ተደግፎ መቆምም ያው (ሰባት ወር ሙሉ ስራ ቦታም እንደዛ ነበር የምቆመው)። ከፍ ያለ ወንበር፣ በሁለት እግር እኩል መቆም፣ ስትተኚ ጉልበት መሀል ትራስ፣ በቃ በዚህ ብቻ በሳምንቱ እንቅልፌ ተመለሰ።

እውነት ለመናገር ማሸትና ማሽን ነበር የጠበቅኩት፣ ግማሹን ቀን መብራት ስለማይኖር ማሽኑም አይሰራ ነበር ሃሃ። እሱ ግን ስፖርት በስፖርት አደረገኝ፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫ ማንሳት፣ ቆይቶ በአንድ እግር፣ ከዛ ደረጃ ቀስ ብሎ መውረድ። ህመሙ ከአስር ሶስት አራት ቢሆን ግድ የለም፣ ጠዋት ስትነሺ ብሶ ካደረ ግን ቀንሺ ነው ህጉ። መርፌስ ብለው ቶሎ ያስታግሳል ግን የሚያቆይሽ ጡንቻው ነው አለኝ። ሰርጉንም ጠየቅኩት፣ እስክስታ የትከሻ ስለሆነ ጨፍሪ ዝላዩን ተይው።

ስምንት ጊዜ ሄድኩ፣ አንዱን 900 ብር በቴሌብር፣ የዳያስፖራ ዋጋ የሚባል ነገር አልሰማሁም። አንዴ ቀጠሮ ረስቶ 50 ደቂቃ አስጠብቆኛል። ግን ሙሉ ሰዓት ከኔ ጋር ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ ከኢንሹራንስ ጋር ተጨቃጭቄ ባገኘሁት ፊዚዮ ሩብ ሰዓት አይቶኝ ወረቀት ሰጥቶኝ ሌላ ሰው ጋ ነው የሄደው። የመጣችሁት ለሁለት ሳምንት ከሆነ ግን አትጀምሩት፣ እሱ ራሱ ሁለት ሶስት ወር ይፈልጋል ነው ያለኝ።

አሁን በቴሌግራም ነው የምንቀጥለው። ትላንት ደረጃ ስትወርጂ ቪዲዮ ላኪልኝ አለኝ፣ ከናይት ሺፍት ስገባ ልጄን ቅረጪኝ ብላት ከስልኳ ቀና አላለችም።