ጮቄ እና አሉቶ፦ ሁለት እሳተ ገሞራዎች ሲነጻጸሩ
ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የሚታየው ጮቄ፣ ከፍታው 4,100 ሜትር ገደማ የሆነው የጎጃም ወንዞች መፍለቂያ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር። ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው አሉቶ ግን በሥነ ምድር ዓይን ገና ወጣት ነው።

ልዩነታቸው ከቅልጥ አለቱ ይጀምራል። የጮቄ በአብዛኛው ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ነበር፤ ቅልጡን የሚያወፍረው ንጥረ ነገር፣ ሲሊካው፣ አነስተኛ በመሆኑ እንደ ሞቀ ማር ይፈሳል፤ ጋዙም በቀላሉ ያመልጣል። ፍሳሹ ሩቅ እየተጓዘ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ያንን ሰፊ፣ ጋሻ መሰል ተራራ ሠራ። የአሉቶ ቅልጥ አለት በሲሊካ የበለጸገና ዝልግልግ ነው፤ ጋዙን አፍኖ ይይዝና ይፈነዳል። አመድና ባልጩት ትቷል።

ለኤሌክትሪክ ኃይልስ? ጎጃሜ ብሆንም አላዳላም፤ አሉቶ ይበልጣል። በጥልቅ ጉድጓዶቹ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተለክቷል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ለማዞር ይበቃል። የጮቄ እሳት ግን ከበረደ ዘመናት አልፈዋል። ሀብቱ አፈሩና ውሃው ነው፤ ባዛልቱ ፈርሶ የገብስና የጤፍ ማሳ ሆኗል። ያ አፈር በጎርፍ ሲታጠብ ማየት ያንገበግበኛል። የቁፋሮው ገንዘብ ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ የእርከኑና የችግኙ ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ጮቄ ይሂድ።