ለእማዬ የቪዛ ፎርም የሞላችውን ልጅ አመስግኑልኝ

ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ? እማዬ ከደሴ መጥታ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የልጅ ልጇን አቅፋ እሹሩሩ እያለች ነው። ለክርስትናዋ ግን አልደረሰችም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ የኤምባሲ ቀጠሮ ደግሞ ይህን አያውቅም።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራን አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው። እናት አባቱን ለጥየቃ ወደ አሜሪካ ለማምጣት ያሰበ ካለ ወደ እሷ ይላካቸው።

እማዬ መጀመሪያ የሄደችው ሌላ ቦታ ነበር። ስማቸውን ተዉት። «ቪዛውን እጅዎ ገባ ይበሉት» ብለው ዳጎስ ያለ ብር ተቀበሏት። ከዚያ የጡረታ ኑሮዋ አነሰባቸውና ነጋዴ ናት ብለው ሊጽፉ፣ የባንክ ሒሳቧንም «ሊያስተካክሉ» ተነሱ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሰው ናት። «በስተርጅና ውሸታም ልታደርጉኝ ነው?» አለቻቸውና የጀመሩትን ፎርም ይዛ ወጣች።

የስድስት ኪሎዋ ልጅ ያንን ወረቀት ገና ስታየው ጣቷ የልደት ቀኑ ላይ አረፈ። እማዬ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ነው። እነዚያ ሰዎች ቀኑን እንዳለ ትተው፣ ሰባት ዓመት ደምረው፣ 12 ጃንዋሪ 1955 ብለውታል። ፓስፖርቷ የሚለው 21 ጃንዋሪ 1956 ነው፤ ትክክሉም እሱ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ለተወለደ ሰው የሚደመረው ስምንት ነዋ! ይህን እንኳ የማያጣራ ሰው ነው «ቪዛ አስመታለሁ» የሚለው።

ከዚያ ፎርሙን ከዜሮ ጀመረችው። ዲኤስ 160 ይባላል፤ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ከቆየ ይዘጋል። ስለዚህ የማመልከቻ ቁጥሩን አስቀድማ በወረቀት ጽፋ ለእማዬ ሰጠቻት። እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ ታነባለች፣ መልስ ትጠብቃለች። «እማማ፣ ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ?» «በስምዎ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ያስገባልዎ ሰው አለ?» ሁለተኛውን እማዬ እርግጠኛ ስላልሆነች በዋትስአፕ ደወለችልኝ። እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር፤ ግን ደስ እያለኝ ነው ያነሳሁት። የሶሻል ሚዲያ ጥያቄ ላይም እማዬ «የለኝም» ብላ ነበር። ልጅቷ «ስልክዎን ያሳዩኝ» ብላ ስታይ፣ የእህቴ ልጅ የከፈተላት ፌስቡክ ተገኘ። መዘገበችው።

የገረመኝ ግን መጨረሻው ነው። ፎርሙ ላይ «ይህን ሲሞሉ የረዳዎ ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ደላሎቹ «የለም» ብለው ያልፉታል። እሷ የራሷን ስምና አድራሻ ጻፈች። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እማዬ አዞረችና «ፊርማው የርስዎ ነው እማማ፤ እኔ መጫን አልችልም» አለቻት። እማዬም መነጽሯን አድርጋ የፓስፖርት ቁጥሯን በአንድ ጣት እየለቀመች አስገባች። እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

እኔ ከዚህ የግብዣ ደብዳቤና የባንክ ማስረጃ ልልክ ስል «ወንድሜ፣ ለጎብኚ ቪዛ አስፈላጊ አይደለም» አለችኝ። የስቴት ዲፓርትመንት ድረ ገጽም ይህንኑ ይላል። ቆንስሉ የሚያየው የአመልካቿን የራሷን ኑሮ ነው። 214(ቢ) የሚባለው የሕግ አንቀጽ ማንኛውንም የጎብኚ ቪዛ አመልካች፣ ተመላሽ መሆኑን እስኪያሳምን ድረስ፣ ሊቀር የሚሄድ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እማዬ የጡረታ ደብተሯንና የቤቷን ካርታ ይዛ ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ገባች፤ ማንም አላየላትም። ምን ትሠራ እንደነበር፣ ማንን ልትጠይቅ እንደምትሄድ፣ አገር ቤት ማን እንዳላት በአማርኛ ተጠየቀች። ያለውን እንዳለ መለሰች፤ አለቀ።

ስለ ገንዘብም ግልጽ ናት። የኤምባሲው 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የሷ ክፍያ ለብቻው ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሥራው ሳይጀመር ትነግራችኋለች። «ቪዛ የሚሰጠው ቆንስሉ ነው፣ እኔ ፎርም ነው የምሞላው» ትላለች።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የወጣውን ለውጥም ለእማዬ ያስረዳቻት እሷ ናት። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ የሦስት ወር ሆኗል። ሦስት ወሩ ግን የመግቢያ ጊዜው እንጂ እዚህ የሚቆዩበት አይደለም። የቆይታውን ቀን የሚወስነው አየር ማረፊያ ያለው መኮንን ነው፤ አይ 94 በሚባለው መዝገብ ላይ በኢንተርኔት ይታያል።

እንከን የለባትም አልልም። ቤቷ ይጨናነቃል፣ መቀመጫ የለም፣ ቀን ላይ ስልክ አታነሳም። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ፎቶም አታነሳም፤ አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር፣ ነጭ ጀርባ፣ ያለ መነጽር የሆነውን አስነስታችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬም ስምሽን እያነሳች ትመርቅሻለች።

ስልኳን ለመስጠት ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ እዚህ ግን አልለጥፈውም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ፓስፖርት ሳትይዙ ግን እንዳትሄዱ፣ ከበር ነው የምትመልሳችሁ።