የዓሣ ሶናር ልትገዙ ያሰባችሁ፦ ሱቅ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የሚዋኘውን ዓሣ አትመኑ

ወገን፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ውስጥ «ከዱባይ ዛሬ የገባ፣ ኦሪጅናል» እያሉ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። 41,000 ብር የከፈልኩበት ሶናር፣ ውሃ ውስጥ ድምፅ እየላከ ዓሣና ጥልቀት የሚያሳየው መሣሪያ፣ ትናንት ጀልባ ላይ ተገጥሞ በጥልቀቱ ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ አሳየ።

ዕቃው የሞተው እዚያው ሱቁ ባንኮኒ ላይ ነው። ሻጩ ካርቶኑን በምላጭ ሸረከተው፤ ገመዱ እኮ ልክ ከክዳኑ ስር ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ትራንስዱሰሩን፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ጥቁር ፕላስቲክ ማለቴ ነው፣ በገመዱ አንጠልጥሎ አወጣና መስታወቱ ላይ ጓ አደረገው። ድምፅ የሚልከውም የሚቀበለውም ውስጡ ያለው ሴራሚክ ነው። እንደ ቡና ስኒ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ ግን ጭረት እንኳ አይታይም። በገመዱ ማንጠልጠልም ውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ ከብየዳው ሊነቅል ይችላል። «ቀስ በል እንጂ» ስለው «አይዞህ ወንድሜ፣ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ዕቃ በዚህ አይሰበርም» ብሎ አጠገቡ ያለውን ልጅ ጠቀሰው። ተሳሳቁ።

ቀጥሎ ስክሪኑን አበራ። ዓሣው ይተራመሳል፣ ጥልቀት 32 ሜትር ይላል። የትራንስዱሰሩ ገመድ ገና አልተሰካም! ለማሳያ የውሸት ዓሣና ጥልቀት የሚያሳየው ማስመሰያው ነበር የበራው፤ ከሜኑ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ትራንስዱሰር ሲያጣ ራሱ ይገባበታል። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ዘጌ የሚመላለስ ሁሉ ያውቃል። እኔ ሞኙ 32 አይቼ «ጎበዝ ነው» አልኩ። ደግሞ የምን ጥልቀት፣ በደረቅ ሱቅ!

ዛሬ ስመልስለት «ውሃ ነክቶታል» አለኝ። ሶናር ነው እኮ!

በሉ፣ ካርቶኑን ራሳችሁ ክፈቱ፤ ማሸጊያውን ብቻ ቅደዱ፣ ምላጩ አይጥለቅ። ትራንስዱሰሩን በሁለት እጅ ከአካሉ ያዙ፣ ፎም ወይም ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ሶኬቱ አልገባ ካለ አትግፉት፣ ፒኑ ይጣመማል፤ ጉድጓዱን አስተያይታችሁ አስገቡ፣ ቀለበቱን በጣት ብቻ አጥብቁ። ገመዱ ረዘመ ብላችሁ አትቁረጡት፣ ትርፉን ጠቅልላችሁ እሰሩ። የትራንስዱሰሩን ፊት በቲነር ወይም በቤንዚን አትጥረጉ፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል፤ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ማስመሰያውን አስጠፍታችሁ በ12 ቮልት ባትሪ፣ መመሪያው በሚለው ፊውዝ አስበሩት። ጆሯችሁን ጠጋ ስታደርጉ ትራንስዱሰሩ ቲክ ቲክ ይላል። ሙቀት የሚለካ ከሆነ በመዳፋችሁ ጨብጡት፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ዲግሪ ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ሴራሚኩ ደህና መሆኑን ግን ይህም አያረጋግጥም፣ ሐይቁ ብቻ ነው የሚናገረው። በባልዲ አትሞክሩ፣ ወለሉ በጣም ሲቀርብ በትክክል አያነብም። ሁለት ሦስት ሜትር ውሃ ላይ አስገቡትና ድንጋይ ባሰራችሁበት ገመድ ከለካችሁት ጋር አስተያዩ። ሻጩ ወደቡ ድረስ አልመጣም ካለ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።