ለሲስተር ምስጋና፣ ሰው ፊት ለሚጨንቃችሁ ጥቆማ

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ላላችሁ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። በጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክፍል የሚሠሩ ነርስ ናቸው። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ እንደ ሁሉም ታካሚ «ሲስተር» እላቸዋለሁ።

የታከምኩት ሶሻል አንዛይቲ ለሚባል ሕመም ነው። ሰው ይታዘበኛል፣ እዋረዳለሁ ብሎ ከልክ በላይ መፍራት ነው። ዓይን አፋር ሰው ትንሽ ቆይቶ ይለምዳል። ይሄኛው ግን ለወራትና ለዓመታት ይቆያል፤ ከትምህርትም ከሥራም ያስቀራል። ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ቶሎ አይነቃበትም። ዝም ያለች ልጅ «አንገቷን የደፋች ጨዋ» ተብላ ትመሰገናለች እንጂ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል?

የኔ ጉድ ታክሲ ነበር። «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ልቤ ይደልቃል፣ ፊቴ ይግላል፣ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል ጠብቄ፣ ሰፈሬን አልፌ ወርጄ፣ በአቧራው በእግሬ እመለሳለሁ። ለቅሶ ቤት ቡና አዙሪ ከተባልኩ ደግሞ እጄ ተንቀጥቅጦ እንዳይደፋብኝ ስኒውን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምቀዳው። ቡና ቆጣቢ ተብዬ ታምቻለሁ።

የልብ ሕመም መስሎኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ኢሲጂ ተነስቻለሁ። «ምንም የለብሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ልቤ ጤነኛ ነው። ታዲያ ምን ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ሲስተር ጠየቁኝ። «ታክሲ ውስጥ ዓይንሽ የት ነው?» አሉኝ። ሳስበው የትም አላይም። የማዳምጠው ራሴን ብቻ ነው፤ ድምፄን፣ ላቤን፣ የፊቴን ግለት። ሕመሙን የሚያቆየው አንዱ ይሄ ነው አሉኝ። ሌላው መሸሽና መደበቂያ ማበጀት ነው። ግማሽ ስኒ፣ ማንም ሳይደውል ጆሮ ላይ የሚለጠፍ ስልክ። ውርደቱ ሳይመጣ ሲቀር «በዘዴ አመለጥኩ» እንላለን፤ መጀመሪያውኑ እንደማይመጣ ሳናውቅ እንቀራለን።

ከዚያ ደብተር አስገዙኝ። የምፈራውን ሁሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረደርን። ከእያንዳንዱ በፊት ይደርስብኛል የምለውን እጽፋለሁ፣ ስመለስ የደረሰውን ከጎኑ። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል። ለዚህ ሕመም በደንብ ከተፈተኑት ሕክምናዎች አንዱ ነው።

አንዷን የቤት ሥራ ልንገራችሁ። ፌርማታዬ ሳይደርስ ወራጅ ብዬ፣ ታክሲው ሲቆም «ይቅርታ፣ የሚቀጥለው ነው» እንድል አዘዙኝ። ሆን ብሎ መዋረድ በሉት! ደብተሬ ላይ «ሁሉም ይስቅብኛል፣ ረዳቱ ይሰድበኛል» ብዬ ጻፍኩ። ረዳቱ «እህቴ፣ ወይ ውረጂ ወይ ተቀመጪ!» አለ። አንዲት እናት ፈገግ አሉ። የቀረው ሰው ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሾፌሩ እንኳ ዞር አላለም። ደግሞ ቀጣዩ ላይ መውረድ አለብኝና እንደገና ወራጅ አልኩ።

መድኃኒትም አለው፤ ሰርትራሊንና መሰሎቹ። እኔ አልወሰድኩም። ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃሉ፣ ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አይቻልም። ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ክኒን ከሰው ተቀብሎ መዋጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ሱስ ያስይዛል። አረቄ ተጎንጭቶ ሰርግ መግባትም ለሰዓቱ ነው የሚያደፋፍረው።

አጎቴ «የፌስቡክ በሽታ» ብሎታል። ሲስተር ይህን ስነግራቸው ሳቁ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመሙን በመመሪያው ያሰፈረው ፌስቡክ ሳይፈጠር፣ ገና በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ ሶሻል ፎቢያ በሚል ስም። ለእናቴ ደግሞ «ጸበሏንም ትጠመቅ፣ ቀጠሮዋንም አትቅር» አሏት። እማዬ የወደደቻቸው በዚህ ነው።

ወረፋው ያሰለቻል፣ በጠዋት ሂዱ። የጤና መድህን ካርድ ያላችሁ ያዙ። ክፍላቸው ከክትባት ክፍሉ የሚለየው በኮምፔንሳቶ ነው፤ ምስጢራችሁን ስታወሩ ሕፃን ይጮኻል። መጀመሪያ አናዶኝ ነበር፣ በኋላ ግን ማንም እንደማይሰማኝ ገባኝና ተመቸኝ። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋሉ። ካርድ ክፍል ደርሳችሁ «የአእምሮ ጤና» ማለት ካሳፈራችሁ (መቼም ታፍራላችሁ) ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እመልሳለሁ። እንዳትደውሉ ብቻ። ስልክ ማንሳት ገና ደብተሬ ላይ ተራው አልደረሰም።