የቱርክ ዶሮ ቺሊ፦ የደረት ሥጋ ወይስ የጭን?

ጤናማ ቺሊ (ከተፈጨ ሥጋ፣ ከቲማቲምና ከቦሎቄ የሚሠራ ቅመም ያለው ወጥ) በቱርክ ዶሮ ለመሥራት ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚመርጠው የተፈጨ የደረት ሥጋ ነው። ስቡ ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነዋ! ጣጣው የሚመጣው ድስት ላይ ነው። ስብ የሌለው ሥጋ ቶሎ ይደርቃል። ብዙ ከተንተከተከም አፍ ውስጥ እንደ መጋዝ ብናኝ ይሆናል። ስለዚህ ሥጋውን በትንሽ ዘይት ጠብሶ ማውጣት፣ ቲማቲሙና ቦሎቄው ከበሰሉ በኋላ መልሶ መጨመር ይሻላል። ስትገዙም ማሸጊያውን አንብቡ። «የደረት» ካላለ ቆዳና የጭን ሥጋ ሊኖርበት ይችላል።

የጭን ሥጋ ብዙም አያስቸግርም። ስቡ ከፍ ይላል፤ ጣዕሙም እንዲሁ። በብረትና በዚንክም ደረቱን ይበልጠዋል። 40 ደቂቃ ቢንተከተክ እንኳ ለስላሳነቱን አይለቅም። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ መቅዳት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጭኑን እመርጣለሁ። ካሎሪ ለሚቆጥር ግን ደረቱ ይሻለዋል። (የታሸገ ቦሎቄ የምትጠቀሙ ከሆነ በውኃ አለቅልቁት፤ ጨውን ይቀንሳል።) ደረትም ሆነ ጭን፣ የተፈጨው ሥጋ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ለመብላት አትቸኩሉ።